ናዝሬት ማን ሞተብሽ?

ለልጄ ለውብሸት፣

በሰው አገር ያሳደረህ አምላክ ጤናህን ይጠብቅልህ፤ የያዝከውን ትምህርት ያስጨርስህ። እኔ ደህና ነኝ። እህል በረንዳ ዘንድሮ ጤፉ እንደ ልብ ነው፤ ጉልበቴም ከክረምቱ ይሻላል። ፈረንሳይ ብርዱ ክፉ ነው አሉ፤ ባዶ ሆድህን እንዳትወጣ።

ሱቄን ለሦስት ቀን ዘግቼ ናዝሬት ሄጄ ላርፍ ነው። ይኸን የሰሙ ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡና «ናዝሬት ማን ሞተብሽ?» አሉኝ። ማንም አልሞተ፣ ላርፍ ነው ብል ማን ይመነኝ። አጎትህ ቦጋለማ ተቆጣ። መሄድሽ ካልቀረ ደብረ ዘይት ይሻልሻል፣ ቅርብ ነው፣ የሐይቁም ነፋስ ደስ ይላል አለኝ። የጎን ሱቋ ጠሂራ ደግሞ አምቦ ሂጂ፣ ፍል ውኃው ለጉልበትሽ መድኃኒት ነው ትላለች። ናዝሬት ሙቀትና አቧራ ብቻ ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ናዝሬት ብያለሁ፣ ናዝሬት እሄዳለሁ።

ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር በደብረ ዘይትም ያልፋል፤ ናዝሬት ግን ቀድሞ ይደርሳል። ስትሄድ የሸኘሁህ ለገሃር ነው። ስትመለስ ግን እዚያ ቆሜ አልጠብቅም፤ የናፈቁትን ሰው መንገድ ድረስ ወጥተው ነው የሚቀበሉት። ስለዚህ አሁኑኑ ሄጄ ጣቢያውን አየዋለሁ፤ የማድርበትንም ቤት እለምደዋለሁ።

እመቤቴ ማርያም ከፊትህ ትቅደም፤ በባሕርም በየብስም አትለይህ። እባክህ ልጄ፣ «በሚመጣው ዓመት» ማለቱን ተውና ቀኑን ጻፍልኝ። ባቡሩ ናዝሬት ሲቆም በመስኮት ብቅ በል።

እናትህ ሠርካለም