ፋይል ስለሚበላው ፕሮግራምና ስለ ጌታው

ለክቡር ፕሮፌሰር ጉ ብዮንግሁን፣
የሲስተምስ ፕሮግራሚንግ መምህርና የምርምር ክፍሉ ኃላፊ፣
ዴጆን

ክቡር ሆይ፣ ከፑሳኑ ጉባኤ ወዲህ ጤናዎ ተመልሶ፣ እንቅልፍዎም ተስተካክሎ እንደሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ሦስት ዓመት በምርምር ክፍልዎ የሠራሁት ተማሪዎ ኦክ ዳሪም ነኝ፤ ስሜን የምጽፈው ለማስታወስ እንዳይቸገሩ ብዬ ነው።

፩ኛ፦ «መብራት በድንገት ቢጠፋ አንዲት ፋይል አይጠፋበትም» ተብሎ የተመሰገነው ፕሮግራምዎ፣ መብራት ባጠፋንበት ቁጥር ፋይል ሲበላ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ «ጥፋቱ የማሽኑ ነው» እያሉ ስላጽናኑን አመሰግናለሁ። በዚሁ ምክንያት የተጣሉትን አራት ጤነኛ ማሽኖች ነፍስ ይማር።

፪ኛ፦ አሥራ አንድ ሺህ መስመር ኮድ አንብቤ፣ ፕሮግራሙ ጽፎ ሳይጨርስ ፋይሉን ከሌላ ሥራ የሚጠብቀውን ቁልፍ አንድ መስመር ቀድሞ እንደሚለቅ፣ ሌላ ሥራም ገብቶ እንደሚጽፍበት፣ በዚያች ቅጽበት መብራት ከጠፋም ፋይሉ እንደሚጠፋ ባሳየሁዎት ቀን፣ በሰው ሁሉ ፊት «አንቺ ልጅ፣ እኔ ይህን ስጽፍ አንቺ ፊደል አልቆጠርሽም!» ብለው ዕድሜዬን ስላስታወሱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ረዳትዎ አቶ ሙን ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ የመመረቂያ ጽሑፌ ላይ የሚፈርሙት እርስዎ ነበሩና። ያለቀስኩት ቤቴ ገብቼ ነው።

፫ኛ፦ ከዚያ በሰባተኛው ወር፣ ያንን ስህተት ያረምኩበት ሥራ በእርስዎና በአቶ ሙን ስም ጽሑፍ ሆኖ ታተመ። ብጠይቅዎ «ዳሪም፣ ላብራቶሪ ቤተሰብ ነው፤ በቤተሰብ መካከል የእኔ የአንቺ አይባልም» አሉኝ። በዚያው ሳምንት ቤተሰቡ የመግቢያ ካርዴን ዘጋው።

ቀጥሎ ያለው ቅሬታ ስላልሆነ ቁጥር አልሰጠሁትም። በፑሳን፣ የአንድ ሆስፒታል መሐንዲስ የሆኑት ወይዘሮ ፕዮ ሱንጃ ተነሥተው «የሕሙማኑን መዝገብ በፕሮግራምዎ ልናስቀምጥ ነው። በእነዚህ ሁለት መስመሮች መካከል መብራት ቢጠፋ ምን ይሆናል?» ሲሉ ጠየቁ። እርስዎ ውሃ ጠጡ። ደግመው ጠጡ። «እንዲህ ያለውን ዝርዝር ተማሪዎቼ ያውቁታል» አሉ። አቶ ሙን ጫማቸውን ይመረምሩ ነበር።

ከኋላ ወንበር ተነሥቼ፣ «እነዚያን መስመሮች የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ግን ፕሮግራሙን እንዳትጠቀሙበት። ሁለተኛ ስህተት አለበት፤ እሱን ሳላሳያቸው ተባረርኩ» አልኩ። ወይዘሮ ፕዮ «ነይ፣ እስቲ አሳዪን» ብለው ወደ ሰሌዳው ጠሩኝ። ሃያ ደቂቃ ስጽፍ እሳቸው ከጎኔ ቆመው በጥሞና ተከታተሉኝ፤ እርስዎም ከመቀመጫዎ ሆነው ሰሌዳውን ያነቡ ነበር። ክቡር ሆይ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ኮድ ሲያነቡ ያየሁዎት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሆስፒታሉ ፕሮግራሙን ትቶ እኔን ቀጥሯል። በእርስዎና በአቶ ሙን ስም የወጣው ጽሑፍም በጉባኤው ምርመራ ላይ ነው። ዲግሪዬ ግን ቀርቷል፤ ይህን ደብቄ የደላኝ መምሰል አልፈልግም። ያናድደኛል።

በሥርዎ ሳለች ያልተማረችው፣ ካባረሯት ወዲህ ግን ብዙ የተማረችው፣
አክባሪዎ ኦክ ዳሪም

ይቅርታ፣ አንድ የረሳሁት ነገር፦ የትምህርትዎ መመሪያ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «የሌላውን ሥራ በራሱ ስም ያቀረበ ዜሮ ያገኛል» የሚል ግሩም ደንብ አለ። ደራሲውን ማመስገን ስለምፈልግ፣ ማን እንደጻፈልዎት ቢነግሩኝ።