ጎርፉ ማንን እንደሚያገኝ የጠየቁት ዶኛ ሄርሚላ ማልኪ

ዶኛ ሄርሚላ ማልኪ ኮቻቺን ከአባታቸው ከዶን ሳንቶስ ማልኪ እና ከእናታቸው ከዶኛ ኤውሌሊያ ኮቻቺን እ.ኤ.አ. መጋቢት 19 ቀን 1951 በአንካሽ ተራሮች ሥር፣ በሩሪኮቻ መንደር ተወለዱ። እናታቸው በ1941ዱ የሁዋራስ ጎርፍ ወላጆቻቸውን ያጡ ስለነበሩ ልጆቻቸውን ወንዝ ዳር አያስደርሱም ነበር። ሄርሚላ ግን እናታቸው ዞር ባሉ ቁጥር የሚገኙት እዚያው ነበር። በዚህ የተነሳ የቀመሱትን አለንጋ እስከ እርጅናቸው ድረስ በኩራት ያወሩት ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራቸው፣ ሁለተኛ ደረጃን በካራስ ካጠናቀቁ በኋላ ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ሊማ ወርደው በ1976 በጂኦግራፊ ተመረቁ። ዝናብ በማያውቅ ከተማ ተቀምጠው ስለ ጎርፍ መማራቸው ያስቃቸው ነበር።

ተመርቀው ሲመለሱ ከተራሮቹ በረዶ ግርጌ ያሉትን ሐይቆች በሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። ከመንደራቸው በላይ ያለው ሐይቅ ቢፈነዳ ውሃው የት የት እንደሚደርስ የሚያሳይ ካርታ ተሠርቶ ነበር። እርሳቸው ካርታውን አይተው አለቃቸውን፣ «ውሃው የት እንደሚደርስ አውቀናል። ማንን እንደሚያገኝ ግን ማን ያውቃል?» ብለው ጠየቁ። አለቃቸውም ስቀው፣ ሄደሽ ጠይቂያ አሏቸው። ሄዱ። በየቤቱ እየገቡ መራመድ የማይችል፣ ጆሮው የማይሰማ፣ ጨቅላ ታቅፋ ብቻዋን የምትውል እናት እንዳለ ጠየቁ። በካርታው ላይ የማምለጥ ዕድሉ የጠበበበትን ቤት ቀይ፣ የሚያሰጋውን ቢጫ፣ የሚተርፈውን አረንጓዴ ቀቡ። የስንዴ ሾርባና ድንች ሳያበላ የሸኛቸው ቤት ስላልነበረ፣ ካርታው ሲያልቅ ቀሚሳቸው አልዘጋ ብሎ ነበር።

ካርታው በአደባባይ በተሰቀለ ማግስት የመንደሩ ባንድ ጥሩንባ ነፊ ዶን ቴዎፊሎ ሌይቫ ሊወቅሷቸው መጡ።

«ኢንጂነር፣ እግሬም ጆሮዬም ደህና ነው። ምን በደልኩና ቀይ ተቀባሁ?»

«ከድግስ መልስ የሚተኙትን እንቅልፍ ጎረቤቶችዎ ነግረውኛል። የጎርፍ ማስጠንቀቂያው ሳይረን አይቀሰቅስዎትም።»

«የሚቀሰቅሰኝ ሰው ከተገኘስ?»

«አረንጓዴ እንኳ አይሆኑም። ቢጫ ላደርግዎ እችላለሁ» አሉ ዶኛ ሄርሚላ።

በ1983 በመንደራቸው ቤተ ክርስቲያን ከዶን ቴዎፊሎ ጋር ሥርዓተ ተክሊል ፈጽመው ሮሳኡራ እና ኤልመር የተባሉ ሁለት ልጆች አፈሩ። ባለቤታቸውን በየማለዳው ለመቀስቀስ የገቡትን ቃል አንድም ቀን አላጓደሉም፤ ዶን ቴዎፊሎ ግን የእሁዱን እንዲምሯቸው ሲለምኑ ኖሩ።

በ1987 መንደሩ ትምህርት ቤት ሊሠራ ሲነሳ፣ የተመረጠው የታናሽ ወንድማቸው የዶን ዴሜትሪዮ ወንዝ ዳር ያለ ሜዳ ነበር። ሽያጩ ሊፈረም ሲል ዶኛ ሄርሚላ በጉባኤ ፊት ቆመው ሜዳው ቀይ ነው አሉ። ወንድማቸው ገንዘቡን ለቤት ግንባታ አስበውት ነበርና ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እታለም፣ ከወንዙ ጋር ተማክረሽ ነው የእናትሽን ልጅ የምታደኸዪው?» አሏቸው። እርሳቸውም «እዚያ የሚማሩት እኮ ያንተም ልጆች ናቸው» ብለው ተቀመጡ።

ትምህርት ቤቱ ዳገቱ ላይ ተሠራ። ዴሜትሪዮ እህታቸውን ማነጋገር ተዉ፤ በበዓል ቀን እንኳ በሌላ መንገድ ያልፉ ነበር። ዶኛ ሄርሚላ ግን በየዓመቱ በወንድማቸው ልደት ኬክ መላካቸውን አላቋረጡም። ወንድማቸው ኬኩን በልተው ባዶውን ሳህን ያለ ሰላምታ ይመልሱ ነበር። እናቶችም ዳገቱን በወጡ ቁጥር ጉልበታችንን የጨረሰችው ኢንጂነር ናት እያሉ ያሟቸው ነበር።

በሚያዝያ 1998 ከረፋዱ ላይ የበረዶ ናዳ ሐይቁ ውስጥ ወድቆ ውሃው የሐይቁን ግድብ ዘሎ ወረደ። ሳይረኑ ጮኸ። በካርታው ላይ ቀይ የተቀቡትን፣ ማን ማንን እንደሚያወጣ አስቀድሞ የተነገራቸው ጎረቤቶቻቸው ደግፈውና አዝለው አወጧቸው። ልጆቹ ፊትም ዳገቱ ላይ፣ ክፍላቸው ውስጥ ነበሩ። ጎርፉ ድልድዩን፣ ወፍጮውን፣ የዶኛ ሄርሚላን የራሳቸውን ቤት ሳይቀር ወሰደ። ሰው ግን አልወሰደም።

ዶኛ ሄርሚላ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ሆነው ቁልቁል ሲያዩ ዶን ዴሜትሪዮ መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ። ሜዳው ድንጋይ ብቻ ሆኗል። በእጃቸው ወደዚያ እየጠቆሙ፣ «እታለም፣ ያ ሜዳ አሁንም ይሸጣል። ዋጋው ላይ እንነጋገራለን» አሉ። ዶኛ ሄርሚላ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ወንድማቸውም አብረው ሳቁ፤ ከዚያም ተቃቅፈው አለቀሱ። የዚያን ሰሞን ሁለቱ ቤተሰቦች አንድ ክፍል ውስጥ አድረው ከአንድ ድስት በሉ።

ዶኛ ሄርሚላ ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2014 ድረስ በአጎራባች ሸለቆዎች እየዞሩ የብዙ መንደሮችን ካርታ ሠርተዋል። ዳንስ ይወዱ ነበር፤ በቅዱስ ጴጥሮስ በዓል ከአደባባይ በመጨረሻ የሚወጡት እርሳቸው ነበሩ።

ባደረባቸው የልብ ሕመም በሁዋራስ ሲታከሙ፣ አልጋ ጎረቤታቸው የነበሩትን ሴት አደጋ ቢደርስ ማን ደግፎ እንደሚያወጣቸው ነርሷን ጠይቀው ሳያረጋግጡ አልተኙም። ነሐሴ 6 ቀን 2022 በተወለዱ በ71 ዓመታቸው በቤታቸው፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል።

መካነ መቃብሩ ዳገት ነው። አረጋውያንን ደግፈን፣ ሕፃናትን አዝለን አብረን እንወጣለን።

የጠበቁትን ሕዝብ የጠበቀ አምላክ ነፍሳቸውን በማይናወጥ ማረፊያው ይቀበልልን። አሜን።