የአባባ ስኳርና አዋቂዋ ልጁ

ጥቅምት 4
ዛሬም ያው። አባባ ብርቱካኔን ልጦ፣ ምሳዬን ቋጥሮ ጠበቀኝ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቋሚ ሥራው ይኸው ነው። አርባ ሊሞላኝ ነው፤ አሁንም ብርቱካን የሚልጥልኝ አለ... ከመውጣቴ በፊት እንደ ልማዴ ጣቱን ወግቼ ስኳሩን ለካሁ። 268። ምን በላህ? ምንም አልበላሁም ይላል። እሺ፣ ከሰማይ ወርዶ ነው።

ጥቅምት 9
281። በድብቅ ጣፋጭ እየላሰ ነው። የላብራቶሪ ባለሙያ ልጁን አታሎ የት ሊደርስ? ቁም ሳጥኑን በረበርኩ። የኮቱ ኪስም አልቀረኝ። የተገኘው ኤግዚቢት፦ አንድ ማበጠሪያ። ቀና ስል በሩ ላይ ቆሟል።
"ጨረስሽ?" አለኝ።

ጥቅምት 12
ቁጥሮቼን በደብተር ይዤ ሐኪሙ ዘንድ ወሰድኩት። የማታውን ኢንሱሊን ከፍ አደረገለት። እንዳንቺ ያለ ልጅ ያለው አባት ታድሏል አለኝ። አንገቴን ደፋሁ፤ ትሕትና መሆኑ ነው። አባባ ቀድሞኝ ወጣ።

ጥቅምት 15
ጠዋት ብርቱካን እየላጠ ሳለ ቢላው ከእጁ ወደቀ። ምላሱ ተሳሰረ። ሮጬ ለካሁት፤ 252። ኢንሱሊኑን በመርፌ ስቤ ነበር... ምን እንደያዘኝ እንጃ። ላቡ ይመስለኛል። ቀዝቃዛ፣ ሸሚዙን ያራሰ። ስኳሩ የወረደበት ሰው ላብ።
ሐኪም ቤት በረርን። ከክንዱ ደም ተቀዳ፤ ራሴ በምሠራበት ላብራቶሪ ማሽን መረመርኩት። 41። ደገምኩት። 41። በደም ሥሩ ግሉኮስ ሲገባለት ዓይኑን ገለጠ። ያን መርፌ ወግቼው ቢሆን ኖሮ...

ጥቅምት 16
ገባኝ። ከሰው ሁሉ ኋላ ገባኝ።
ደሙን የምናስነካት ቀጭን ስትሪፕ ላይ ያለው ኢንዛይም ግሉኮስ ሲያገኝ ይሠራበታል፤ በዚያ የምትፈጠረውን ቅንጣት ኤሌክትሪክ መለኪያው ወደ ቁጥር ይለውጣታል። ግሉኮሱ ከደም ይምጣ ጣት ላይ ከቀረ የብርቱካን ጭማቂ፣ አይጠይቅም። ላብራቶሪም የሚለካው በኢንዛይም ነው፤ ግን የክንዱን ደም ብርቱካን አልነካውም። ኢንዛይሙማ ሥራውን ሠርቷል። ያልሠራችው ሌላ ናት... ቀኑን ሙሉ ሰዉን "እጅዎን ታጥበዋል?" እያለች የምትውለው እመቤት።
ብርቱካን ልጬ የራሴን ጣት ለካሁ። 214። እንኳን ደስ ያለሽ። ታጥቤ ደገምኩ፤ 88። የስኳር በሽታዬ በሳሙና ለቀቀ።

ጥቅምት 23
ሐኪሙ የማታውን መርፌ ቀነሰለት። ስለ ኪሱ ይቅርታ ልጠይቀው ሳምንት ሙሉ ንግግር ሳዘጋጅ ከርሜ፣ ገና አፌን ስከፍት፦
"ብበላ ኖሮ እነግርሽ ነበር" አለኝ።
መለኪያውንና ደብተሩን አስረከብኩት።
አሁን የሚለካው ራሱ ነው፤ ደብተሩንም የሚይዘው ራሱ። ዛሬ 118 ይላል። ከጎኑ፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ፣ "ታጥቤያለሁ" ብሎበታል።
ደግሜ አልለካሁም።