ደህነኛዋ ልጅ ለምን ትወጋለች?

ለልጄ ለበለጠች፣ ካለሽበት ከቤይሩት ይድረስሽ። የደብራችን ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ፤ በሰው አገር የሚራራልሽ ሰው አያሳጣሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ገብሱ አሽቷል፤ ጥቁሯም ላም ወልዳለች። ፊደሌ ቢንጋደድም ለሌላ ሰው አላስጻፍኩም፤ መምህር ማንያዘዋል በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል።

ግራ ያጋባኝ የልጅሽ የመዓዛ ትምህርት ቤት ነው። አምና ለጎረቤት ሠርግ ብዬ ባስቀራት ወቀሱኝ፤ ዘንድሮ ብልካት መልሰው ሰደዱብኝ። ኩፍኝ ስለገባ ያልተከተበ ልጅ እስኪከተብ ይቅር አሉ። ማንያዘዋልን፣ «የታመመው ይቅር፣ ይገባኛል። ይህች ደህነኛ ናት፤ ለምን ትወጋለች?» አልኩት።

«አባ፣ ከታመመች በኋላማ ምን ይረባታል?» አለኝ።

እኛ ስናድግ ኩፍኝ በገባበት ቤት መርፌ አይግባ ይባል ነበር። አሁን ማንን ልመን?

ጎረቤታችን ዘቢደር ይህን ሰምታ፣ «አንት ሰውዬ፣ በጎችህን ሳይታመሙ ደባርቅ ድረስ ነድተህ ታስከትብ የለም? ልጅቱ ከበግ አነሰችብህ?» ብላ በሰው ፊት አፋጠጠችኝ።

«በግ አያለቅስም» ብላት ሳቀችብኝ።

መዓዛ ሕፃን ሳለች ተከትባ እንደሆነ የምታውቀው ነፍሷን ይማርና እናትሽ ነበረች፤ እኔ እንዲህ ያለውን ጠይቄ አላውቅም። ሰኞ ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ። ነገሩ ግን ገና አልገባኝም። ስታለቅስ ምን እንደሚባልም አላውቅበት። እባክሽ ልጄ፣ ሰኞ ጠዋት ደውይልን፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እይዝላታለሁ።

እመብርሃን በሰላም አገርሽ ታግባሽ።

አባትሽ እንግዳው