የኋላ ኮፈኑ ተከፈተ፣ አያልነሽ

ለአያልነሽ፣ ለሚስቴ።

ነሐሴ ሲብት ከተለየሽኝ አራት ዓመት ይደፍናል። ለሞተ ሰው ደብዳቤ ይጻፋል ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ግን መቃብርሽ ዘንድ ቆሜ ልናገረው ያልኩት ሦስት ጊዜ አፌ ላይ ቀረ። እዚያ ቄሱም ይሰማል፣ አላፊ አግዳሚውም ይሰማል። እንግዲያው በወረቀት ይሁን አልኩ።

ፊደል እንደማልቆጥር ታውቂያለሽ። የምትጽፈው ልጃችን የሺ ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ያልኩትን ብቻ ጻፊ፣ አትቀንሺ፣ አታሳምሪ ብያታለሁ። አስተማሪ ናትና ሰው ሲሳሳት ማረም ትወዳለች፤ ዛሬ ማረም የለም። ለመጻፍማ ዲያቆኑም ነበረ። እሷን የመረጥኩት እስከዛሬ ያልሰማችው ነገር ስላለ ነው። ካንቺ ጋር አብራ ትስማው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ላሚቱ ተሸጠች፤ የሚያልባት የለም። ጌሾሽ ደረቀ። ውኃ ማጠጣቱን ረስቼው አይደለም፣ ጠላው ለማን ይጠመቃል ብዬ ነው። አሁን ደጃፋችን ድረስ ባጃጅ ይመጣል፤ አምበር ከተማ ሆነች ይላሉ። ባልንጀራሽ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በሬን ታንኳኳ ነበር፣ አሁን ትታዋለች። አልወቅሳትም። ሰው ሲመጣ ዝም ብዬ ስለምቀመጥ ሰለቻቸው። የሺ ከማርቆስ በሳምንት አንዴ እየመጣች ታበስልልኛለች። የቀረውን ቀን የተገኘውን እበላለሁ። ጣዕሙን አትጠይቂኝ።

መኪናዋ እስካለፈው ወር ድረስ ከባሕር ዛፉ ሥር እንደተገተረች ነበረች። ዶሮዎቹ ጣሪያዋ ላይ ወጥተው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። አንቺ ብታዪ በመጥረጊያ ታሳድጃቸው ነበር።

የገዛኋት ቀን ትዝ ይልሻል? የሰው ጭነት መኪና ስነዳ ኖሬ በስተርጅና የራሴን ነጭ መኪና ይዤ ስገባ፣ አሮጌ ናት ብለው ሳቁብኝ። አሮጌ ናት፣ ግን የባለጸጋ አሮጌ ናት አልኳቸው። መስኮቷ በኤሌክትሪክ፣ በሯ በኤሌክትሪክ፤ ዕቃ የሚጫንበት የኋላ ኮፈኗ እንኳ ከሾፌሩ ወንበር አጠገብ ያለውን ቁልፍ ስትነኪው ብድግ ይላል። አንቺ ግን ከፊት አልቀመጥም አልሽ። ሾፌር ያለው ሰው ከኋላ ነው የሚቀመጠው ብለሽ ነጠላሽን አስተካክለሽ ተንፈላሰስሽ። ቀስ ብለህ ንዳ አንተ ሾፌር፣ አለዚያ ደመወዝህን እቆርጣለሁ እያልሽ እስከ ማርቆስ አሳቅሽኝ። ከዚያ ወዲያ የኋላ ወንበሩ ያንቺ ሆነ።

ደጀን ላይ ሌባ የኋላ ኮፈኑን ቁልፍ ቀዳዳ በብረት ጎርጉሮ ከፍቶ በርበሬያችንን ያወጣ ጊዜ ተናደድኩ። ቤት ገብቼ ቀዳዳውን በብየዳ ደፈንኩት። በቁልፍ አይከፈት፣ በኤሌክትሪኩ ይበቃል አልኩ። በማግስቱ መካኒኩ ዳኛቸው የፊቱን መብራት ሊያይልን ማርቆስ ጋራዡ ወሰድናት። የደፈንኩትን አይቶ ደነገጠ። አባባ፣ ኤሌክትሪኩ የጠፋ ቀን በምን ሊገቡ ነው? ይሁን፣ ሌላ መግቢያ አለው፣ ላሳይዎት፣ ከውስጥ በኩል እያለ ሲጀምር አፉን አስያዝኩት። እኔ መሪ ስጨብጥ አባትህ አህያ ይነዳ ነበር አልኩት። ጎኔን ቆነጠጥሽኝ። ልጁ ይጨርስ እንጂ አልሽ። አልጨረሰም። ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው እንደ ሕፃን አንገቱን ደፍቶ መብራቱን ሠራልን።

በዚያ የኋላ ኮፈን ውስጥ፣ ከምንጣፉ ሥር፣ መጽሐፍ የምታህል ሳጥን አለች። መካኒኮች ኮምፒውተር ይሏታል። ቤንዚኑን የምታስገፋው እሷ ናት፣ በሩን የምትቆልፈው እሷ ናት፣ ኮፈኑን ራሱን የምትከፍተውም እሷው ናት። የቤት ቁልፍ ቤት ውስጥ አስቀምጦ በሩን እንደመዝጋት ነው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው ሞተር ነው፣ ዘይት ነው፣ ጎማ ነው። የማላውቀውን አላውቅም ማለት ደግሞ ከአፌ አይወጣም ነበር።

ከዚያ ሆድሽን አመመሽ። ጠበልና ሐኪም ተጣልተው አያውቁም፣ ሁለቱንም አድርግልኝ አልሽ። እኔ ሰባቱ ቀን ጠበል ይቅደም አልኩ። በየማለዳው ከጠበሉ ቦታ ሁለት ጀሪካን እያመጣሁ ጠጣሽ፣ ተጠመቅሽ። ያንደኛው ጀሪካን ክዳን ጠፍቶ ነበር። በበቆሎ ቆረቆንዳ ወትፌ በፌስታል ጠቀለልኩት። መንገዱ ሲንጠው ያፈሳል። በሦስተኛው ቀን ምንጣፉን ብነካው ርሷል፣ ስጫነው ውኃ ያቁራል። የሞተር ጨርቄን አነሳሁ። ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት። በዘይት ጨርቅ ጠበል ይጠረጋል? መኪናዋም ትባረክ እንጂ፣ ጠበል ያድናል እንጂ ምን ይጎዳል አልኩና ኮፈኑን ዘጋሁት። በአራተኛውም በአምስተኛውም ቀን በላዩ ላይ ፈሰሰበት።

በኋላ ለነፍስ አባታችን ይህችን ብቻ ነገርኳቸው። የፈሰሰ ጠበል እግር የማይረግጠው ንጹሕ ቦታ ይደፋል፤ ብረት ውስጥ ይጠራቀም ያለህ ማን ነው አሉኝ። ማንም አላለኝም። እኔው ነኝ።

በስድስተኛው ቀን አቃተሽ። በጋቢ ጠቅልዬ የኋላው ወንበር ላይ አጋደምኩሽና ወደ ማርቆስ ሆስፒታል ተነሳን። መንገዱን ሳናጋምስ መኪናዋ ሁለቴ ሳል ሳል አለችና ቆመች። ቁልፉን ባዞር ሞተሩ ይዞራል፣ አይነሳም። ቤንዚን አይደርሰውም። ቤንዚኑ የሚመጣው ከኋላ ነውና ነገሩ እዚያ እንደሆነ ገባኝ፣ የኋላ ኮፈኑን ልከፍት ብነካው ዝም። በበየድኩት ቀዳዳ ላይ ካቻቢቴ ብሰካ ተሰበረ። በፒንሳ፣ በድንጋይ፣ በጥፍሬ። ዝናቡ ደግሞ ያንን ቀን መርጦ ወረደ።

በመጨረሻ የጭነት መኪና አንስቶን ሆስፒታል ስንደርስ፣ ሐኪሙ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን አለ።

ድንኳኑ ውስጥ፣ ለቅሶ ላይ፣ ሰዉ ሁሉ በተቀመጠበት፣ ያ ዳኛቸው ነው የገደላት አልኩ። መብራት እሠራለሁ ብሎ ሽቦውን አበላሸው አልኩ። የሽማግሌ ቃል ነውና አመኑኝ። ከአምበር አንድም ሰው መኪናውን ወደሱ አልወሰደም። የሺ በደጁ ስታልፍ ፊቷን ታዞር እንደነበር ራሷ ነግራኛለች። አራት ዓመት ሙሉ።

ዘንድሮ የሺ፣ አባዬ፣ ይሄንን ብረት ወይ አሠራው ወይ ሽጠው፣ የግቢውን በር በከፈትኩ ቁጥር እማዬን የማያት እዚያ ውስጥ ነው አለችኝ። ሁለት መካኒክ መጣ። ሁለቱም ኮፈኑ ካልተቆረጠ አይሆንም አሉ። አትቆርጧትም አልኩ። እውነቱን ልናገር፣ መቆረጧን አልነበረም የፈራሁት፣ መከፈቷን ነው። በመጨረሻ ሚኒባስ ተሳፍሬ ማርቆስ ወረድኩና ዳኛቸው ጋራዥ በር ላይ ቆምኩ። ሲያየኝ የያዘውን ብረት አስቀመጠ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። መቼ ልምጣ አባባ? አለኝ።

ቅዳሜ መጣ። ወደ ኋላው ኮፈን አልሄደም። የኋላውን በር ከፍቶ፣ አንቺ የተኛሽበትን ወንበር መቀመጫውን ከሥር ያዝ አድርጎ ወደ ላይ ሳበው። ወጣ። መደገፊያውን ሁለት ቡሎን ፈትቶ አወረደው። ከበስተኋላው ክንድ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። እጁን እስከ ትከሻው ከትቶ አንድ ገመድ ሳበ። ኮፈኑ ብድግ አለ። ይህን ሁሉ ያደረገው አንድ ሰው ጫማውን አውልቆ እግሩን በሚታጠብበት ጊዜ ነው።

አያልነሽ፣ በሩ ያንቺ ወንበር ነበረ። ድንጋይ ይዤ ውጭ የምደበድበውን፣ አንቺ ተኝተሽበት ነበር። ልጁ ይጨርስ ብለሽኝም ነበር።

ምንጣፉን ሲገልጥ ሳጥኗ ወጣች። ሲከፍታት ውስጧ አረንጓዴ ሻጋታ አውጥቷል፣ እንደ መርፌ የቀጠኑት እግሮቿ ተበልተው አልቀዋል። ውኃ ገብቶባታል አባባ አለ። ዝናብ ነው አልኩት። አያልነሽ፣ አሁንም ዋሸሁ። እሱ ጣቱን በኮፈኑ ዙሪያ ዝናብ እንዳያስገባ በተለጠፈው ጎማ ላይ ቀስ ብሎ አስኬደው፣ ጎማው ደህና ነው። ከዚያ ጥግ ላይ የወደቀውን ጀሪካን አየ፣ ቆረቆንዳው እንደተወተፈበት። እኔን አየኝ። ይሆናል አባባ፣ ዝናብ ይሆናል አለ። እኔ በአደባባይ ነፍሰ ገዳይ ያልኩት ሰው፣ በጓሮዬ ሁለታችን ብቻ ቆመን ሳለን ውሸታም ሊለኝ አልፈለገም።

ሳጥኗ የምትድን አልሆነችም። ከወደቀች መኪና ላይ የተፈታች ሌላ አስመጣ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጥርስ ብሩሽ ፈትጎ አጸዳ፣ የተበላውን ቆርጦ ቀጠለ። ቁልፉን እርስዎ ያዙሩት አለኝ። አዞርኩት። በመጀመሪያው ተነሳች። ደስ ያለኝ ይመስልሻል? ያ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ሲገባ እንደ መርዶ ነው የሰማሁት። ይህን ያህል ቀላል ነበር? ወዲያው አጠፋሁት።

አሁን የሺ ያልሰማችውን ልናገር። የጠበሉንና የዳኛቸውን ሰማች፤ እጇ እየዘገየ ነው፣ ግን ትጽፋለች። እኔ ለሷም ለሰውም የነገርኩት፣ ዝናቡ ከብዶ መንገዱ ላይ መኪና አልነበረም ብዬ ነው። ሐሰት ነው። ቆመን ብዙም ሳንቆይ ከደጀን በኩል ሚኒባስ መጣ። ሾፌሩ ወረደ። አባቴ፣ ሕመምተኛ ይዘዋል፣ ይስጡን እናድርስልዎ አለ። ሰዎቹ ተነስተው ቦታ ለቀቁ። አንዲት ሴት ነጠላዋን ወንበሩ ላይ አነጠፈች። ሂዱ፣ መኪናዬን አውቃታለሁ፣ አሁን ትነሳለች አልኳቸው። አሮጌ ናት እያለ የሳቀ አገር ፊት ሚስቴን በሰው መኪና ላስገባ? አንቺ ከውስጥ፣ ተው፣ በነሱ ልሂድ አልሽ። ሰማሁሽ። ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታ ያልሰማሁ መሰልኩ። ደግመሽ አላልሽም። ሾፌሩ እጁን ዘርግቶ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ገባና ሄደ። ኋላ ያ የጭነት መኪና አንስቶን ሲወስደን ንግግርሽ ጠፍቶ ነበር።

የሺ እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀምጣ ወጣች። ቆይታ ስትመለስ ፊቷን ታጥባለች። ቀጥል አለችኝ። አባዬ አላለችም።

እሑድ እድሩ ሲሰበሰብ፣ ድንኳን ውስጥ ውሸቴን በሰማው ሰው ሁሉ ፊት ቆሜ እናገራለሁ። ዳኛቸው እንዲመጣ ልኬበታለሁ። ይምጣ አይምጣ የሱ ፈንታ ነው። ሰው ምናልባት ይምረኛል፣ ለሽማግሌ ቶሎ ያዝናል። አንቺን ግን ማሪኝ አልልሽም። ብትምሪኝ ምን ላደርገው ነው? እንደሁ ተመልሰሽ አትመጪ።

ሌላው ሰው ሲያነሳሽ ሳቅሽን ያንሳ፣ የእጅሽን ሙያ ያንሳ፣ ደግነትሽን ያንሳ። ይገባሻል። እኔ የማስብሽ ግን እንዲህ ነው፦ በጋቢ ተጠቅልለሽ፣ ፊትሽን ወደ መስኮቱ አዙረሽ፣ ሚኒባሱ ዳገቱን ሲወጣ እያየሽ። የተጋባንበት ቀን ይጥፋኝ፣ የሺ የተወለደችበት ይጥፋኝ፣ ይህች አትጠፋኝም። ሌላ ቃል ልገባልሽ አልችልም። እስክሞት በየቀኑ አያታለሁ።

ስም መጻፍ አልችልምና አውራ ጣቴን አትማለሁ። ቀለሙን አምጪ ብያታለሁ። እስካሁን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።