በአራት ክፍል የመጣ መርዶ

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

ቀኑን ሙሉ መጋረጃ ስፌት። ሸዋረገድ የአንድ ሆቴል ትእዛዝ ተቀብላ ሱቁ ውስጥ መቀመጫ እንኳን የለም፣ ጨርቅ በጨርቅ ሆኗል። አሠሪዬ ናት፣ ግን እንደ ታላቅ እህት ትቆጣኛለች። "ምሳሽን ብዪ እንጂ፤ አንቺ ስትከሺ እኔን ነው የሚያሙኝ" አለችኝ። በላሁ። ከጎፋ ታክሲ ጠፍቶ ግማሹን በእግሬ መጣሁ።

እማማ ፀሐይወርቅ እንደ ልማዳቸው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። የባሌ የሲራክ እናት ናቸው። "ደወለ?" አሉኝ። "አልደወለም፤ ግን ደህና ነው" አልኳቸው። ደህና ነው... እንዲህ ስል ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሲራክ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ እህል ጭኖ ከቤት ወጣ። መኪናው መንገድ ዳር ቆሞ ተገኘ፣ በሩ ክፍት፣ ጭነቱ እንዳለ። እሱ የለም። ወስጄዋለሁ ብሎ የደወለ የለም። አስከሬንም አልተገኘም። እኔ ታዲያ "ደህና ነው"ን ከየት ነው የማመጣው?

ማታ ክብረት ደወለ፣ የእኛን ታሪክ የጻፈው የቴሌቪዥን ድራማ ደራሲ። የፊታችን እሁድ ይጀምራል አለኝ።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

ለምን እሺ እንዳልኩ ልጻፈው፣ በኋላ እንዳልክድ። የእሁድ ማታው ድራማ በተራ ሰው ላይ የደረሰ እውነተኛ መከራ ነው የሚያሳየው፣ አንዱን ታሪክ በአራት ሳምንት። አገር ያየዋል። እማማም አንድ እሁድ አምልጧቸው አያውቅም። በሰው መከራ ማልቀስ ይወዳሉ፣ የራሳቸው እንዳልበቃቸው ሁሉ።

ክብረት ክረምት ላይ ሱቃችን ድረስ እየመጣ፣ ስልኩን ስፌት መኪናው ላይ አስቀምጦ ቀዳኝ። ልጅ እግር ነው፣ ትሑት። እማማን እንዳታናግራቸው፣ ይታመሙብኛል አልኩት። እሺ አለ። በየክፍሉ መጨረሻ የሲራክ ፎቶና የእኔ ስልክ ቁጥር ይወጣል፤ መጨረሻውንም ክፍት እንተወዋለን፣ አለ ወይም የለም አንልም ብሎ ቃል ገባልኝ። አንድ ሰው አይቶት ይሆናል። አንድ ሰው ብቻ... ሌላ ምን ፈለግኩ?

ጥቅምት 17፣ እሁድ

ክፍል አንድ። ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት። ተዋናዩ ሲራክን አይመስልም፣ ቆንጆ ነው። ሲራክ ቆንጆ አልነበረም... አይደለም ማለቴ ነው።

ግን በር ላይ ቆሞ እናቱን "እማዬ፣ ሳትሞቺ ጠብቂኝ" አላት። የሲራክ ቀልድ ነው፣ መንገድ በወጣ ቁጥር። ከዚያ ከሰፈር ሲወጣ ሁለቴ ክላክስ አደረገ። እማማ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቆሙ።

"ይሄን ማን ነገራቸው?"

"እኔ ነኝ እማማ።"

"ሁሉንም ነግረሻቸዋል?"

"ሁሉንም።"

ተመልሰው ተቀመጡ። ፎቶው ወጣ፣ ቁጥሬም ወጣ። ስልኬን በሁለት እጄ ይዤ ተቀመጥኩ።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

ሲደወል ዋለ። አንዱ ሻሸመኔ አይቼዋለሁ አለ። "ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው?" አልኩት። "አዎ፣ አዎ፣ ትልቅ" አለ። ሲራክ ጠባሳ የለውም። አንዷ በጸሎት ታየኝ፣ ውሃ ዳር ነው ያለው አለችኝ። የትኛው ውሃ? እሱ አልተገለጠላትም። አንዱ ደግሞ ሰውየው ካልመጣ እኔ ላግባሽ አለ። ሸዋረገድ በሳቅ ሞተች፣ እኔም ሳቅኩ። ቤት ስገባ ግን መሳቄ ራሱ አስጠላኝ።

ጥቅምት 24፣ እሁድ

ክፍል ሁለት። መኪናው መንገድ ዳር፣ በሩ ክፍት። ማየት አልቻልኩም። ወጥቼ ግቢ ቆምኩ።

ኅዳር 1፣ እሁድ

ክፍል ሦስት። የሚደውል ሰው እየቀነሰ ነው።

ዛሬ ያልነገርኩት ነገር አስገብተዋል። ሚስትየው ከአንድ ሹፌር ጋር ጓዳ ገብታ ትንሾካሾካለች። እናትየው ስትመጣ ሁለቱም ዝም። "ምን ሆነ?" ስትል "ኧረ ምንም፣ ደህና ነው" ይሏታል። ይሄ ከየት መጣ? እኔ ከማን ጋር ነው የተንሾካሾክሁት? ዞር ስል እማማ ቴሌቪዥኑን ትተው እኔን ያያሉ።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ለክብረት ደወልኩ። "የሚቀጥለው ምንድን ነው?" አልኩት። ከዳይሬክተሩ ጋር ትንሽ ክርክር አለን፣ ግን አይዞሽ አለኝ። አይዞሽ የሚለኝ ሰው ሲበዛ መፍራት ነበረብኝ።

እማማ ከእሁድ ጀምሮ "ደወለ?" ማለት ትተዋል።

ኅዳር 8፣ እሁድ

ክፍል አራት። ልጻፈው።

ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች በሩን አንኳኩ። በድራማው ማለቴ ነው። እናትየው ከፈተች። አንዱ "እግዜር ያጥናሽ" አላት። ማን አየው፣ የት ተቀበረ፣ ምንም የለም። ሞተ፣ በቃ። ተዋናይዋ ጥሩ አድርጋ ወደቀች። ከዚያ ፎቶ ወጣ፣ የእውነተኛው ሲራክ ፎቶ። ቁጥሬ የለም። ከሥሩ "መንገድ ወጥተው ለቀሩ ሁሉ መታሰቢያ ይሁን" የሚል ጽሑፍ፣ ከኋላው ዋሽንት።

እማማ ቀስ ብለው ተነሡ። ይወድቃሉ ብዬ ልይዛቸው ሄድኩ። አልወደቁም፣ አልጮሁም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና መሬት ላይ ተቀመጡ። እጄን ያዙኝ።

"አራት ሳምንት ሙሉ ቀስ በቀስ አለማመድሽኝ። ለእናት መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው። እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ።"

እግዜር ይስጥሽ አሉኝ...

"እማማ፣ ፈጠራ ነው። ማንም የሚያውቅ ሰው የለም። ደህና ነው" አልኳቸው።

"እስከ ዛሬም ደህና ነው ስትዪኝ ነበር። ለዚህ ነዋ እኔን እንዳያናግሩኝ ያደረግሽው።" ፊቴን ዳበሱኝ። "ብቻሽን ተሸክመሽው ከስተሻል። አሁን አውርጂው።"

ከዚያ ነው ያለቀሱት። ጎረቤት እየሮጠ መጣ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ግቢው በሰው ሞልቷል። ለእያንዳንዱ ሰው እናገራለሁ፣ አልሞተም፣ ማለት አናውቅም፣ ድራማ ነው... እሺ ይሉኛል። እሺ ብለው ደረታቸውን ይመታሉ።

ችግሩ ገባኝ። ሰው ሲሞትባት እናት መጀመሪያ የምትሰማው "ደህና ነው" የሚል ነው። ቀጥሎ "ትንሽ አሞታል"። ሽማግሌ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛም ስንት እናት እንዲህ አድርገን አርድተናል። ታዲያ እውነቱን በምን ቃል ልናገር? የቀረኝ ቃል ሁሉ መደበቂያ ሆኖ ይሰማል።

የእድሩ ዳኛ አቶ ቸኮል መጡ። "ማነው ያረዳው?" አሉኝ። "ማንም" አልኩ። "እናትየው አንቺ ነሽ ይላሉ።" "አላረዳሁም፣ አቶ ቸኮል።" አንገታቸውን አከኩ። "ያለ መርዶ ድንኳን ተክለን አናውቅም" አሉ። ከዚያ ሴቶቹን አዩ። እማማን ከበው ፀሐይ ላይ ቆመዋል። "ሰው ፀሐይ ላይ አይቆም። ትከሉት" አሉ።

ተከሉት።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ክብረትን ስልክ ላይ ሰደብኩት። "መጥተህ ውሸት ነው በላቸው" አልኩት። ሌላ ማንን ያምናሉ? የጻፈው እሱ ነው። ደግሞ መጣ፣ አይካድም።

ድንኳኑ ውስጥ እማማ ፊት ተንበረከከ። "እማማ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት። ከራሴ ነው። ስለ ሲራክ የማውቀው አንድም ነገር የለም።" ጥሩ ተናገረ። ትንሽ ተስፋ አደረግኩ። እማማ ግን እጁን ይዘው "አንተ ምን አደረግክ፣ የኔ ልጅ፣ መልእክተኛ ነህ" አሉት። "አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ሲቀበር ሰው ነበረ?"

ክብረት አለቀሰ። ትከሻው እስኪርገፈገፍ። ድንኳኑ ሙሉ አብሮት አለቀሰ። አለቀ፣ ከዚህ በኋላ መልአክ ቢመጣ አያምኑም። ደግሞ ምሳ አቀረቡለት፣ እማማ በእጃቸው አጎረሱት።

ስሸኘው በር ላይ "ለምን አለቀስክ?" አልኩት።

"አላስቻለኝም።"

"ለምን ገደልከው?"

"እኔ አይደለሁም... ዳይሬክተሩ ነው። ተመልካች መጨረሻ ይፈልጋል፣ ኤሌኒዬ። ክፍት ሲሆን ይናደዳል።"

ይናደዳል። እኔ ሁለት ዓመት መጨረሻ ሳይኖረኝ የኖርኩት ማን እንዳይናደድ ነው? ቁጥሬንስ ለምን አስቀራችሁት ስለው ሰዓት አጠረን አለ። ዋሽንቱ ግን አላጠረውም።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

"አላለቀሰችም" ይላሉ። "ልቧ ሌላ ጋ ነው" አለች አንዷ፣ እንድሰማ አድርጋ። በባለ አበባ ቀሚሴ ነው የተቀመጥኩት፣ ሆን ብዬ። ጥቁር ከለበስኩ ሞቱን በፊርማዬ ያጸደቅኩ መሰለኝ።

ሸዋረገድ በፌስታል ጥቁር ቀሚስ አመጣች። ራሷ ሰፍታው ነው፣ ልኬን ታውቃለች። "አልለብስም" አልኳት። "ልበሺው አላልኩም። እዚህ ላስቀምጠው" አለች።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ለበስኩት። እማማ ቀና ብለው አይተውኝ "ጎሽ" አሉ።

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ሴቶቹ "ይውጣልሽ፣ ይውጣልሽ" አሉኝ። በምን እንዳለቀስኩ ማን ያውቃል? እኔም አላውቅም። በቀሚሱ ይመስለኛል።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ድንኳኑ ከተነሣ ቆየ። እማማ እየበሉ ነው። ሁለት ዓመት ጉሮሯቸውን ዘግቶት የነበረው ነገር ለቀቃቸው። ሌሊቱን ይተኛሉ፣ ያንኮራፋሉም። ደጃፍ ላይ መቀመጥ ተዉ። ዛሬ ደግሞ ሲራክ በልጅነቱ የጎረቤት ዶሮ ቀለም ቀብቶ እንዴት እንደተገረፈ እየነገሩኝ ሳቁ። "ነበር" እያሉ ነው የሚያወሩት፣ ሳይደነቃቀፉ።

ሞተ መባል እንዲህ ያሳርፋል እንዴ? አሁን ሄጄ "ልጅዎ ምናልባት አለ" ብላቸው... ምን ዓይነት ጭካኔ ነው? መልሼ ደጃፍ ላስቀምጣቸው? ለማን ብዬ? እውነቱን ለመናገር ቀንቼባቸዋለሁ።

ኅዳር 29፣ እሁድ

የማላውቀው ቁጥር ደወለ። አላነሣሁትም። ምናልባት የመጋረጃ ደንበኛ ይሆናል።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

አርባው እየተቃረበ ነው። እማማ ከዚያች እሁድ ነው የሚቆጥሩት፤ ሌላ ቀን የላቸውም። ለፍትሐት ስሙን አንቺ ስጪ፣ ሚስቱ ነሽ አሉኝ። በጠዋት ንስሐ አባታችን ጋ ሄድኩ።

አባ ገርነት አላቸው ግን ይጠይቃሉ። "አስከሬን አይታችኋል?"

"አላየንም አባ።"

"ያየ ሰው አለ?"

"የለም።"

"ታዲያ?"

ያኔ መናገር እችል ነበር። ቴሌቪዥን ነው አባ፣ አንድ ልጅ የፈጠረው ነው ማለት። አባ ይሰሙኝ ነበር፣ ምናልባትም ቤት መጥተው ለእማማ ያስረዱልኝ ነበር። አፌ ላይ ነበር። እማማ ሲያንኮራፉ ታወሰኝ።

"መርዶ ደርሶናል" አልኩ።

ትክ ብለው አዩኝ። "የክርስትና ስሙ?"

"ወልደ ሚካኤል።"

"ነፍሱን ይማር" አሉ። አሜን አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? ከቅጥሩ ስወጣ እግሬ የእኔ ያልሆነ ያህል ቀለለኝ። መጥፎ ቅለት ነው። ሱቅ ገብቼ ሥራዬን ሠራሁ።

ታኅሣሥ 6፣ እሁድ

ከሰዓት በኋላ ልብስ እያጠብኩ ነበር። እማማ ውስጥ ተኝተዋል። የግቢው በር ተንኳኳ።

ይሄ በር ሲንኳኳ ሁለት ዓመት ሙሉ እሮጥ ነበር። በባዶ እግሬ፣ አንዴ በፎጣም። ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ እንኳን ስቆብኛል። ሁሌም "እሱ ይሆናል" ብዬ ነው።

ዛሬም መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነው። እሱ ቢሆንስ? ግን አልተነሣሁም። እጄ ሳሙናው ውስጥ ቀረ። ፈራሁ። ቢሆን እማማን ምን ብዬ ልቀስቅሳቸው? አባን ምን እላለሁ? ይሄን ጥቁር ለብሼ እንዴት እከፍትለታለሁ? ምነው ባልሆነ አልኩ። በልቤ አይደለም፣ በአፌ ነው ያልኩት፣ ሰማሁት። ሲራክዬ፣ ባልሆንክ አልኩ።

ደግሞ ተንኳኳ። እጄን ጠርጌ ከፈትኩ። አቶ ቸኮል ናቸው፣ ግቢያችን የቀረውን የእድሩን አግዳሚ ወንበር ሊወስዱ ነው የመጡት። እሱ ስላልሆነ ደስ አለኝ።