ፋጡማ የምትቀመጥበት ብረት

እሑድ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዘሃራ፣ እኔ እንደምናገረው ጻፊው፤ እንዳታሳምሪው። ማሳመር ዛሬ ጠግቤያለሁ።

አሮጌ የጃፓን ሞተር ሳይክል እናድሳለን የሚሉት ያዲሳባ ሰዎች አድሰን እንመልሳለን ብለው ሞተሬን ወስደው ነበር። ዛሬ ከሚሴ አምጥተው ለሕዝብ አሳዩት። ሞተሮቹ በአይሱዙ ተጭነው መጥተው ምንጣፍ ላይ እንደ ሙሽራ ቆመዋል። ጎረምሶቹ ጓንት አጥልቀው አቧራ ይጠርጋሉ። ሞተር የማይነዳ ሞተረኛ አየሁ፣ ወላሂ።

የኔን የለየሁት በሰሌዳው ነው። ኋላው ባዶ ነው። ሟች ባለቤቴ ፋጡማ፣ አላህ ይርሐማት፣ ባቲ ገበያ ስንወርድ በጎን እንድትቀመጥበት ያስበየድኩት ሰፊ ብረት የለም።

«ብረቱስ?» አልኩት አለቃቸውን።

«አባባ፣ እሱ እኮ ከፋብሪካ አብሮት የመጣ አይደለም። አሁን ልክ እንደተወለደበት ቀን ሆነልዎት።»

«አንተንስ እንደተወለድክበት ቀን ቢያቆሙህ ደስ ይልሃል? እዚህ፣ ሰው ፊት?»

ሰው ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ እፍረት የሚባል አልፈጠረበትም። ብረቱን የአይሱዙው ጎማ እንዳይንሸራተት ታኮ አድርገውት አገኘሁት። አውጥቼ፣ ሞተሬንም አስነስቼ መጣሁ። ምንጣፋቸው ላይ ጥቁር መስመር ቀረ።

ብረቱ ተመልሶ ከተበየደ አዲሱ ቀለም ይቃጠላል አሉኝ። ይቃጠል።

«አሁን ማን ሊቀመጥበት ነው፣ አባ?» ትያለሽ፣ ዘሃራ።

ማንም አይቀመጥበትም። ነገ በያጁ ጋ እሄዳለሁ።